ከአጥሩ ማዶ ያለው ሳህን

ጋምቤላ ውስጥ ስለ ጤና ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የምንሰማው ያንኑ ነው፤ መድኃኒት የለም፣ መኪና የለም፣ በጀት የለም። እሺ፣ የለም! ያለውንስ ምን አደረግነው? እስቲ ኒውላንድ ሠፈር ዓሣ አድርቃ የምትሸጠውን ኛዱዋልን እንይ።

ኛዱዋል አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ግሬስ የምትባል። ግሬስ በወሊድ ስትሞት ለእናቷ የተወችላት አንዲት ሕፃንና የሕፃኗን አባት ዲዩን ነው። የዲዩ ዘመዶች ድንበር ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ናቸው። ሳንባ ነቀርሳ ሲይዘው ከአማቱ በቀር የሚያስታምመው አልነበረም። ኛዱዋልም ያቺ ሕፃን አባቷንም እንዳታጣ ቆርጣ ተነሳች።

ችግሩ ወጉ ነው። በኑዌር ዘንድ አማች በአማቱ ፊት አይበላም። ቢርበውም፣ ቢታመምም አይበላም። ኛዱዋል ያደገችበትን ወግ ልታፈርስ አልፈለገችም። ግቢዋን በሸምበቆ አጥር ለሁለት ከፍላ ዲዩን ከአጥሩ ማዶ አስቀመጠችው። ጠዋት ጠዋት ገንፎና የዓሣ መረቅ፣ ከጎኑም ክኒኑን አድርጋ በአጥሩ ሥር ታሳልፍለታለች። ዲዩ በልቶ ክኒኑን ሲውጥ ሳህኑን በማንኪያ ያንኳኳል። ያን ስትሰማ ዓሣዋን ተሸክማ ወደ ገበያ ትወጣለች።

መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ዲዩ ፊቱ ተመለሰ፤ አክታው ሲመረመርም ነፃ ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኮከብ ዲዩን አስፈቅዳ ቤተክርስቲያን ውስጥ ቆመችና “ከእንግዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መድኃኒቱን ግን መጨረስ አለበት” አለች። ምእመኑ አሜን አለ። ከዚያስ? እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንዶቹ ማንጎው ሥር ከአንድ ትሪ ሲበሉ ዲዩን የጠራው የለም። ድሮ ከመሃላቸው ነበር የሚቀመጠው። አሁን ሲመጣ ይጠጋጋሉ፤ ቦታ ሊሰጡት አይደለም፣ ሊዘጉበት ነው። እነዚያው አሜን ያሉት አፎች!

አንድ ጠዋት ሳህኑ ተንኳኳ፤ ኛዱዋል ወጣች። የረሳችውን ቅርጫት ልትወስድ ስትመለስ ዶሮዎቿ ከአጥሩ ማዶ ገንፎ ይለቅማሉ። ከገንፎው መሃል ቀዩ ክኒን ይታያል።

“ዲዩ!” አለች አጥሩን ጨብጣ።

“አቤት፣ እማማ።”

“ያንኳኳኸው ለማን ነው? ለዶሮዎቹ ነው?”

“ለብቻዬ ስበላ አልወርድ ይለኛል” አለ። “ክኒኑን በባዶ ሆዴ ስውጠው ያስመልሰኛል። እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው ያንኳኳሁት።”

ኮከብ ተጠርታ መጣች፤ አክታውን እንደገና አስመረመረች። በሽታው አልተመለሰም። “እማማ፣ አሁንም ከሰው ጋር መብላት ይችላል” አለች። “እንዲህ እያቋረጠ ከቀጠለ ግን ይመለስበታል፤ ያኔ ይሄ ክኒን ላይሠራለት ይችላል።”

“እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ላበላው አልችልም” አለች ኛዱዋል። “የሚችሉትን ግን አውቃቸዋለሁ።”

እሑድ ወንዶቹ ትሪውን ከበው እጃቸውን ሲሰዱ ኛዱዋል መጥታ ፊታቸው ቆመች። የኑዌር ወንድ ባዕድ ሴት እያየችው አይጎርስም። እጆች ሁሉ ባሉበት ቀሩ።

“የግሬስ እናት፣ ምን ፈልገሽ ነው?” አሉ ሽማግሌው ጋትሉዋክ።

“ምንም። ብሉ።”

“ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው እኮ።”

“ይቀዝቅዝ። የዲዩም ሲቀዘቅዝ ነው የከረመው።”

የባጃጅ ሾፌሩ ጀምስ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ። “ዛሬ ኦርቶዶክስ ልታደርገን ነው፤ ጾም ገባ በሉኛ!”

“አንተ ደግሞ!” አለችው። “ልጄን ሲያገባ የጥሎሹን ከብት አብረኸው እየነዳህ ደጄ የመጣኸው አንተ አይደለህም? ያን ቀን ከጎኑ ተቀምጠህ አልበላህም? እስክትጠሩት ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።”

የሳቀ የለም። ጋትሉዋክ ትሪውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ አቀረቀሩ። “ጀምስ፣ ተነስ” አሉ በመጨረሻ። “ባጃጅህን አስነሳና ከነክኒኑ ይዘኸው ና።”

ዲዩ ሲደርስ ኛዱዋል ፊቷን አዙራ ከቤተክርስቲያኑ ግድግዳ ጀርባ ሄደች። እዚያ ቆማ አዳመጠች። አንዱ ጨው አንሶታል ይላል፤ ሌላው ጠጋ በሉ ይላል። የዲዩ ሳል ተሰማ፤ ሁሉም ጸጥ አሉ። የተነሳ ግን አልነበረም። ከዚያ የጋትሉዋክ ድምፅ ግድግዳውን ተሻግሮ መጣ፦

“የግሬስ እናት! ዋጠ!”

ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ ወንዶች በየተራ ቁርሳቸውን ይዘው ወደ ዲዩ ይሄዳሉ። ለዚህ በጀት አላስፈለገም፤ ማፈር ነበር ያስፈለገው፣ እሱም ዘግይቶ መጣ። ሕክምናው ገና አላለቀም። ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ሳህኑ ይንኳኳል፣ “ዋጠ!” የሚል ድምፅም ይከተላል። ኛዱዋል ግን ዛሬም ዶሮዎቿ የት እንዳሉ ሳታይ ወደ ገበያ አትወጣም።