መምህር አድማሱ በልጆቹ ጫማ ውስጥ የጨመሩት ጠጠር

አላመንሁም። ጎረቤቴ በአጥር በኩል «መምህር አድማሱ አረፉ» ስትለኝ «የትኛው አድማሱ?» አልኋት። ሽንፋ ላይ ሌላ መምህር አድማሱ ያለን ይመስል።

እዚህ የሽንፋ ልጆች የፌስቡክ ገጽ ላይ ማንበብ እንጂ መጻፍ አላዘወትርም። ዛሬ ግን አንዱ «ደግ ነበሩ፤ የስፖርት ነገር ግን አልሆነላቸውም። በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤታችን ከአንድ ጊዜ በቀር ሩጫ አሸንፎ አያውቅም» ብሎ ጻፈ። ሰውም ሳቀበት። ዝም ማለት አቃተኝ።

ያላሸነፍነው እሳቸው እንዳናሸንፍ ስላዘዙ ነው።

በዚያ ዘመን የትምህርት ቤቶች ሩጫ ሲደረግ ቀድሞ የገባ ወንድ ልጅ «ለስፖርት ሥልጠና» ተብሎ በጭነት መኪና ይወሰድ ነበር። የሚደርሰው ጦር ሜዳ ነው። መምህር ይህን ካወቁ ወዲህ፣ በውድድሩ ጠዋት ፈጣኖቹን ልጆች ከክፍሉ ጀርባ ይሰበስቡና በየሸራ ጫማቸው ውስጥ፣ ተረከዝ ሥር፣ የወንዝ ጠጠር ይጨምሩላቸው ነበር። የሚያነክስ ልጅ ማን ይመርጣል? ካድሬዎቹ ፊት «ሰነፍ ሁላ!» እያሉ ይጮሁባቸዋል። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን «ከመሮጥህ በፊት የምትገባበትን ቤት እወቅ» ነበር ቃላቸው።

ስጦታው የሚባለውን ወንድሜን በሩጫ የሚቀድመው አልነበረም። አንድ ጊዜ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ፣ ሩጫው ሊጀመር ሲል፣ የከተማው ልጆች ሲያነክስ አዩት።

«ለሽንፋው ከዘራ አምጡለት!»

«አያ ሽማግሌ፣ ቀስ ይበሉ! እንዳይወድቁብን!»

ፊቱ ጠቆረ። ውኃ ይዤ ወደቆምሁበት መጣና እግሩን ዘረጋልኝ። «እቴ፣ ዛሬን ብቻ» አለኝ።

የጫማውን ማሰሪያ የማጠብቅ መስዬ ጠጠሯን አወጣሁለት። ሲያሸንፍ ማየት አምሮኝ ነበር።

አሸነፈ። ካናቴራ ሸለሙት። በዚያው ካናቴራ እየሳቀ መኪናው ላይ ወጣ። በዚያው ቀረ።

መምህር «ጠጠሯስ?» አሉኝ። «ወድቃ ይሆናል» አልሁ። የጨበጥሁትን እጄን አዩት። ከዚያ ወዲያ ጠይቀውኝ አያውቁም።

እናቴ ግን በገበያ መሐል ስታገኛቸው «አንተ! በሩጫህ ልጄን አስበላኸው!» ትላቸው ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። መጀመሪያ ዝም ያሉት የጠጠሩ ነገር ከወጣ ሌሎቹ ልጆች ስለሚታፈሱ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላስ? ያኔም አልተናገሩም። የቀረው ምስጢር የኔ ብቻ ነበራ።

እኔ ትምህርቱን ተውሁ፤ ማንበቡን ብቻዬን ቀጠልሁ። ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳልነግረው ሞተ። እናቴ መምህርን እንደጠላች አረፈች።

ጋሼ አድማሱ፣ ነገ አስከሬንዎን የሚሸከሙት እነዚያ የተሸነፉት ልጆች ናቸው። ሸብተዋል፤ የልጅ ልጅ አይተዋል። እኔ ከኋላ እከተላለሁ።

ደኅና ይሂዱ። እዚያ እናቴን ሲያገኟት፣ እባክዎ፣ እንደ ልማድዎ አንገትዎን ደፍተው አይለፏት። «ጠጠሯን ያወጣችው ልጅሽ ናት» ይበሏት።