የመቶ አለቃው ግራ እጅ

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት በአንድ ዓይኔ ነው፤ ቀኙ አብጦ ተከድኗል። የሲሚንቶ ወለል፣ ከአናት በላይ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከበሩ ሲገቡ በስተግራ አንዲት ጠባብ መስኮት። ነፋሱ ሲዞር የቆሼ ሽታ በእሷ በኩል ይገባል። ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ንጉሡን የሚነካ ወረቀት ስበትን ተያዝኩና ከኮልፌ ገበያ ጀርባ ወዳለ የፖሊስ ግቢ በጭነት መኪና አመጡኝ።

ዓይኔን የደፈነው መቶ አለቃ ግራኝ ነበር። ፊት ለፊት ቆሞ ሲመታ ዱላው ሁልጊዜ በቀኝ ጎኔ ያርፋል። እጠላው ነበር። ቂም በዕድሜ ይሟሟል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የእኔስ እንደ ጠጅ ሲከርም ነው የበረታው።

ከጎኔ የሚተኙት፣ ጋሼ የምላቸው፣ የኮልፌ አናጢ ነበሩ። ከጴንጤዎች ጋር ተሰብስበው ሲጸልዩ ነው የተያዙት። «ቤቱን የከፈተላችሁ ማነው?» ይሏቸዋል፤ አይናገሩም። የጎን አጥንታቸው ተሰብሮ ሲተነፍሱ ያፏጫሉ። አንድ ድብደባ ከተጨመረ እንደማይተርፉ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ቀኑ አልመሽ ሲል የተማርኩትን በመላጣቸው ላይ በጣቴ እያሳየሁ አስተምራቸው ነበር።

«ግንባርዎ ሥር ያለው ማሰቢያና ራስን መግቻ ነው። ከጆሮዎ በላይ፣ መስሚያና ማስታወሻ። ከማጅራትዎ ከፍ ብሎ ማያ።»

«ዓይኔ ከፊት፣ ማያዬ ከኋላ?»

«አዎ። ከሥሩ ያለችው ትንሿ አንጎል ሚዛን ትጠብቃለች። እዚህ፣ ከአናትዎ ወደ ኋላ፣ ገላዎ የራስዎ መሆኑን የሚያውቁበት ነው። ቀኙ አንጎል ግራ ጎንዎን ያዛል፣ ግራው ደግሞ ቀኙን።»

«እኔ እንዲህ አጣምሜ ቤት ብሠራ ማን ይከፍለኛል!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ጎናቸውን ወጋቸው። ቆይተው «ክፋትስ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

«እሱን ገና አልተማርንም፣ ጋሼ።»

ነገሩ የታወቀኝ በእንጀራ ነው። መቶ አለቃው ምሳውን በልቶ የተረፈውን ዘቡ ያመጣልናል። አንድ ቀን ትሪው ሲመጣ ግማሹ ተጠርጎ፣ ግማሹ ጣት ሳይነካው ከነወጡ አለ፤ በቢላ የተከፈለ ይመስላል። በማግስቱም እንዲሁ።

«ጌታው ጾም ያዙ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«ማን በግማሽ ይጾማል?» አለ ዘቡ። እሱም ግራ ገብቶታል።

ጠዋት ጠዋት መቶ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ለምርመራ የሚፈልገውን በጣቱ ይጠራል። ሰሞኑን በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ ሰው አልተጠራም። እዚያ የምንቀመጠው በየተራ ነበር፤ ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ መቶ አለቃውን ልብ ብዬ አየሁት። ዓይኑ ከቀኙ ጫፍ ተነስቶ እስከ መሃላችን ይመጣና ይመለሳል። ቀኝ ጉንጩ ተላጭቶ ያብረቀርቃል፤ ግራው የሳምንት ጢም አለበት። ያን ጊዜ ገባኝ። ዓይኑ አልታወረም፤ አንጎሉ በግራው ያለውን ዓለም ከቁጥር አውጥቶታል። በቀኝ አናቱ ውስጥ አንድ ነገር እያደገ ነው።

ደስ አለኝ። በዚያው ቀን ጋሼን መስኮቱ ሥር አዛወርኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልተጠሩም። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ይድናል?»

«ቶሎ ቀዶ ጥገና ካገኘ፣ ምናልባት።»

«ታዲያ ንገረው እንጂ!»

«እሱ ሲድን እርስዎ ይሞታሉ።»

«ልጄ፣ እኔን ለማኖር ብለህ ሰው አትግደል።»

«አልገደልኩም። ዝም ነው ያልኩት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ለመቶ አለቃው ይጸልዩለት ጀመር፤ እኔ እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እኔም የራሴ መጽናኛ ነበረኝ። ዱላው ከእጁ ይወድቅና፣ መውደቁን ሳያውቅ ባዶ እጁን ሊመታ ያነሳል። ይህን ለማየት ስል መጠራቱንም አልጠላሁትም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዘቡ ወደ ቢሮው ወሰደኝ። ልደበደብ መስሎኝ እንደ ደንቡ ሸሚዜን አወለቅኩ። መቶ አለቃው ራሱን በቀኝ እጁ ደግፎ ተቀምጧል።

«ሐኪም ነኝ ትል የለ? ራሴ ሊፈነዳ ነው። መድኃኒቱን ንገረኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ማዕረጌ ሊመጣ ነው፣ በሽተኛ ነው ይሉኛል።»

«መመርመር አለብኝ» አልኩ።

«መርምር።»

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሁለቱንም እጅ ወደ ፊት ይዘርጉ።»

ቀኙ ባለበት ቀረ። ግራው ቀስ እያለ ወረደ፤ እሱ ግን ሁለቱንም የዘረጋ መስሎት ይጠብቃል።

«ምላስዎን ያውጡ። ይነሱ። ይራመዱ። ይመለሱ።»

ሲመለስ ግራ ትከሻው ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላተመ። ዘቡ ግድግዳውን ያያል። በዚያ ክፍል ትእዛዝ ስቀበል እንጂ ስሰጥ ኖሬ አላውቅም፤ ስለዚህ አልቸኮልኩም። ለምርመራው የማያስፈልገውንም ጨምሬ አዘዝኩት። በአንድ እግሩ አቆምኩት። ወደ ኋላ አስቆጠርኩት።

በመጨረሻ አስቀመጥኩትና ግራ እጁን አንስቼ ፊቱ ላይ፣ ወደ ቀኙ በኩል አመጣሁለት።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

አየው። «ያንተ ነዋ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምን ትቀልዳለህ? የኔ ይሄውልህ!» ቀኝ እጁን አወዛወዘብኝ። ከዚያ ዓይኑ ያነሳሁት እጅ ጣት ላይ ወዳለው ቀለበት ሄደና ተቆጣ። «የጋብቻ ቀለበቴን ማን ሰጠህ?»

አልዋሸም። ይህን ማንም ሐኪም ይመሰክራል፤ ከልቡ ነው የተናገረው። ዝም ብል ብዙ አይቆይም፣ ይሞታል፤ እኔም የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። ግን ያ እጅ ያለ ባለቤት ሊቀበር ነው። ማንንም መትቶ እንደማያውቅ ሰው ንጹሕ ሆኖ ሊሞትብኝ ነው። ይህን አልቻልኩም። አይሆንም፣ ትድናለህ አልኩ በሆዴ። ድነህ ታውቀዋለህ።

ግራ እጁን በቀኝ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይህ ያንተ እጅ ነው» አልኩት። «ዓይኔን የመታኝ ይህ ነው። የአናጢውን ጎን የሰበረውም ይህ ነው።»

እስከዚያች ቀን እርስዎ ስለው የኖርኩትን ሰው አንተ ማለቴን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ዘቡ ሰምቷል፤ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ» አልኩት ዘቡን። «ከራሱ ቀኝ በኩል እብጠት አለ ብለህ ንገራቸው። ስታናግረው በቀኙ ቁም፤ በግራው ከቆምክ ለእሱ የለህም።»

ሸሚዜን ለብሼ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆልፌ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉኝ ጋሼ ስነግራቸው።

«ለእሱ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ብቻ ሄዷል አይደል?»

በቦታው የመጣው መኮንን ግራም ቀኝም የሚያይ ነበር። ጋሼ ተጠሩ፣ ተመቱም። ግን መስኮቱ ሥር በከረሙበት ጊዜ ጎናቸው ገጥሞ ነበርና አልሞቱም፤ ስምም አልተናገሩም። ከእኔ ቀድመው ተፈቱ።

እኔም ወጥቼ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የአንጎል ሕሙማንን ሳክም ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በታክሲ ኮልፌን ሳልፍ መቶ አለቃውን አየሁት። ከአንድ ሱቅ ፊት ፀሐይ እየሞቀ፣ በቀኝ እጁ ግራውን ያሻል። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ።

ፊቱ ቆሜ ግራ እጁን አነሳሁት። ቀሎ ነበር።

«የማን ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ አወቀኝ። ከዚያ እጁን ብዙ አየው።

«የኔ ነው» አለ።

«ይዘኸው ኑር» አልኩት፤ መልሼም ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጋሼ የጠየቁኝን የክፋት ቦታ በስንቱ አንጎል ፈልጌ አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ በየመንግሥቱ «እኔ አይደለሁም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ የእነሱ አንጎል ጤነኛ ነበር። ጋሼ ቢሆኑ በዚያ ሱቅ ደጃፍ ሌላ ቃል ይናገሩ ነበር። ቃሉን እኔም አውቀዋለሁ። አልተናገርኩትም፤ አልቆጨኝምም።