ሂርና ገበያ እንቁላል ያጣሁ ዕለት

እኔ ሳስተምር ሰው አያንቀላፋም። ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲያችን ተልኬ ሂርና ላይ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ሳስተምርም እንዲሁ ሆነ። ነጭ ጋውኔንና የወጥ ቤት ቆቤን አድርጌ እናቶቹን፣ «እንቁላሉን ለነጋዴ እየሸጣችሁ ለልጃችሁ ደረቅ ቂጣ! ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል የልጅ ነው፤ በእጥፍ እንግዛ ቢሏችሁም እንዳትሸጡ!» አልኳቸው። ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው።

በማግስቱ አለቆቼ ከጭሮ መጥተው ገንፎ በእንቁላል ሳሠራ ሊያዩኝ ነው። እንቁላሉን እዚያው ገበያ እገዛለሁ ብዬ ባዶ እጄን ነበር የሄድኩት። ምን ልበላችሁ፣ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ባስሰው አንድ እንቁላል አጣሁ። በመጨረሻ ትናንት ከፊት ተቀምጠው ሲያጨበጭቡልኝ የነበሩትን አዴ ፋጡማን ሽንኩርት ሲሸጡ አገኘኋቸው።

«አዴ፣ እንቁላል የለዎትም?»

«ቤት አለ። አይሸጥም።»

«እባክዎ፣ በእጥፍ እገዛለሁ።»

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ዛሬ ጋውንም ቆብም አላደረግኩም። ግራ ቀኙን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ቶሎ ሂድ። ወላሂ፣ የትናንቱ መምህር ይሄን ቢሰማ አይምርህም።»