የሌንሴ ጾም

ነሐሴ ገብቶ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ከባጃጅ ተራው ዳር በመጣብኝ ቁጥር ፊቴ በእፍረት ይግላል። በበቆሎ የሚያፍር ማን አለ? እኔ አለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ አዳማ ላይ ከሠራሁት ጉድ የተነሳ።

ከጎረቤታችን ከአዴ ጫልቱ ጋር አንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። ሌንሴ የምትባል እኩያዬ የሆነች ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳድጉ ነበር፤ በበጋ ጎህ ሲቀድ በአይሱዙ ተጭነው ዓለም ጤና ከተማ አካባቢ ሽንኩርት ለቀማ ይሄዱና፣ ማታ ልብሳቸው ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ይመለሱ ነበር። ሌንሴ ከእኔ ጋር ትውልና፣ እማዬ «ኑ፣ እጃችሁን ታጠቡ» ስትል እኩል ለምሳ እንቀርብ ነበር።

ክረምት ሲሆን ማሳው ይጨቀይና ሥራው ይጠፋል፤ አዴ ጫልቱ ግን ሥራ ፍለጋ በየጠዋቱ ስለሚወጡ፣ እኛ ያገኙ ይመስለን ነበር። በዚያ ዓመት ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን እማዬ ሌንሴን ቀትር ላይ አየቻትና፣ «ምሳ በልተሻል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አልበላሁም እትዬ» አለች ሌንሴ አንገቷን ደፍታ።

«እሰይ የኔ ልጅ! እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾሚው?»

ሌንሴ ግራ ገብቷት፣ «እስከ ዘጠኝ» አለች።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «አየሽ አንቺ ሆዳም? እሷን እይ!»

ከዚያ ወዲያ «እሷን እይ» ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን አልነበረም። እማዬ ሌንሴን ላለመፈተን ብላ፣ ከእናቷ ጋር የምትበላም መስሏት፣ ምሳ መጥራቷን ተወች፤ ጎረቤቱም «ትንሿ መነኩሲት» ይላት ጀመር። እኔ በቅናት አረርኩ። እልህ ይዞኝ እስከ ዘጠኝ ስጾም፣ እሷ ጭራሽ እናቷ ማታ እስኪመጡ ትቆይ ነበር። ስጸልይ እንኳ «አምላኬ፣ ነገ ሌንሴን አስገድፍልኝ» ነበር የምለው። እንዲህም ብሎ ጸሎት!

በስድስተኛው ቀን አቃተኝ። ለሻማ በተሰጠኝ ሳንቲም በቆሎ ጥብስ ገዝቼ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተደብቄ ስግጥ የሰው ኮቴ ሰማሁና፣ ግማሹ ፍሬ እንዳለበት አጥሩ ሥር ጭቃው ላይ ወርውሬው፣ አፌን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ። ጥቂት ቆይቼ ልቀብረው ስመለስ ሌንሴ እዚያው ቁጢጥ ብላለች። ጭቃውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ያንኑ በቆሎ ትግጣለች።

ክው ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ! «እማዬ! እማዬ! ሌንሴ ገደፈች! በቆሎ ስትበላ ያዝኳት፣ ከመሬት አንስታ!» እያልኩ ግቢውን በጩኸት አናጋሁት።

«ከመሬት?» አለች እማዬ።

«አዎ፣ ከጭቃው!»

ፊቷ አመድ መሰለ። ሄዳ ሌንሴ ፊት በርከክ አለችና፣ «ንገሪኝ የኔ እናት፣ ትናንት ማታ ምን በላሽ?» አለቻት።

«እናቴ ሥራ ስታገኝ ዳቦ ታመጣለች... ትናንት አላገኘችም።» ከዚያ ሌንሴ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ ጾሜን ገደፍኩ፤ እግዜር ይቆጣኛል?»

እማዬ ደረቷን መታች። «ወይኔ! እኔን ይቆጣኝ! አልበላሁም ስትለኝ እሰይ አልኳት! የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፣ ወይኔ!» እናቴን እንደዚያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። በቆሎው የእኔ እንደሆነ ብናገር እንኳ ማንም አልተቆጣኝም፤ ይህ ከዱላ ይብስ ነበር።

አዴ ጫልቱ ሲመጡ እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል፣ «ተይ፣ ተይ» ብለው ያዟት። «ሰው ጾመኛ ሲላት ረሃባችን ተሸፈነልን ብዬ፣ እኔም ዝም አልኩ» አሉ።

መስከረም ሲጠባ ለንስሐ አባታችን ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ ያን ጸሎቴን ሳይቀር። ይቆጡኛል ስል በሐዘን ተመለከቱኝና፣ «ልጄ፣ ከእሷ ጋር ስትለካኪ ሰነበትሽ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አላየሻትም» አሉኝ።

ሌንሴ ዛሬ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። አምና ይቅርታ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። «እኔም እኮ እቀናብሽ ነበር» አለችኝ፤ «አንቺ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀርብልሽን እያወቅሽ ነበር የምትጾሚው።» ይኸው በስንት ዓመቱ ክው አልኩ።

አሁን እኔም እናት ነኝ፤ ልጄ ስትሰንፍ ያ «እሷን እይ» ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ። ያኔ በፍልሰታ ልጅ ሲታይ «ጾመሻል?» ነበር የሚባለው። እኔ ዛሬ ነሐሴ ላይ ደጄ የቆመች ልጅ ሳይ ይህን አልጠይቅም፤ «ግቢ፣ እጅሽን ታጠቢ» እላለሁ።