የመጋዘን ወይን ለእርቅ

ቅዳሜ ጠዋት በዋሽንግተን ግዛት ከምኖርባት ማውንትሌክ ቴራስ የተነሣሁት ወይን ለመግዛት ነው ብል እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ እርቅ ነው። ስካይዌይ የሚኖሩትን ጋሽ ኃይሉንና ኬንት የሚኖረውን ታናሽ ወንድማቸውን ተፈሪን እኔና አንድ ሽማግሌ ልናስታርቅ ቀጠሮ ይዘናል፤ ለእርቅ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ሁለቱ ወንድማማቾች በመኪና ሃያ ደቂቃ ተራርቀው እየኖሩ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

የጸቡን ምክንያት ሳልናገር መንገድ ብጀምር ጉዞው ትርጉም አይኖረውም። እናታቸው አዲስ አበባ ሲያርፉ ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለተፈሪ ነበር። ያኔ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ደንግጦ ለወንድሙ ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኩ አልተነሣም። በመጨረሻ የድምፅ መልእክት መቀበያው ላይ "ወንድም ጋሼ፣ እማዬ አረፈች" ብሎ እያለቀሰ ተናገረና ዘጋ። ጋሽ ኃይሉ ያንን መልእክት የሰሙት ከኤርፖርት ተሳፋሪ ሲያመላልሱ ውለው፣ መኪናቸውን ባቆሙበት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ብቻቸውን ሆነው ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ጋሽ ኃይሉ "በማሽን አረዳኝ" ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አይጨምሩም። አሁን ስኳሩም ደም ግፊቱም በርትቶባቸዋል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሁለቱ ሳይታረቁ አንዱ እንዳይሞት መፍራቴ ነው። ያን ጊዜ ለቀሪው ማን ገብቶ ይነግረዋል?

ሾርላይን

ጋሽ ወርቁን ከሾርላይን አነሣኋቸው። የወንድማማቾቹን አባት የሚያውቁ፣ ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን በላዩ ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ጭነው ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ዝናቡ ያካፋል። መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቶውን ሲታገሉ ቆዩና "ልጄ አስቴር፣ ውስኪ አይሻልም ነበር?" አሉኝ።

"ጋሽ ኃይሉ ውስኪ አይወዱም፣ ጋሽ ወርቁ። እንደሚያውቁት አገር ቤት ሆቴል ውስጥ የመመገቢያ አዳራሽ ኃላፊ ነበሩ። ወይን ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ከመጋዘኑ ጥሩውን በርካሽ አገኛለሁ።"

"ታዲያ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ርካሽ ይዘን ልንሄድ ነው?"

እኔንም የከነከነኝ ይኸው ነበር። አውራ ጎዳናው ከድልድዩ በፊት ታጭቆ ቆሟል። ሐይቁ ግራጫ ነው፤ ዳር ዳር ያሉት ዛፎች ቢጫ ቅጠላቸውን እያራገፉ ነው። ጋሽ ወርቁ ወደ ደቡብ አንጋጠው "ዛሬም ተራራው የለም" አሉ። በዚህ ከተማ ተራራው በደመና ሲሸፈን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፤ እንደ ሰው ወጣ፣ ገባ ይባልለታል።

ኬንት

ኬንት የደረስነው ሊረፍድ ሲል ነው። ግራና ቀኝ የዕቃ መጋዘን፣ በየትራፊክ መብራቱ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ መኪና። ተፈሪም ከነዚህ መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ይጭናል። የአፓርታማው በር ላይ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ቆሟል፤ ሦስቱ ልጆቹ በመስኮት ያዩታል። ትንሿ "ዳዲ፣ አር ዩ ጎይንግ ቱ ኤ ፊዩነራል?" ብላ ቀብር ይሄድ እንደሆነ ጮኻ ጠየቀችው። ተፈሪ ዞሮ አላያትም።

"እትዬ አስቴር፣ አፌን ምን ብዬ ነው የምከፍተው?" አለኝ ከኋላ ወንበር እንደተቀመጠ።

"መጀመሪያ ወይኑን እንግዛ።"

"ኦንላይን አይቻለሁ። ስልሳ ዶላር የሆነ የፈረንሳይ አለ። እሱን ሄደን ፒክ አፕ እናድርግ።"

"ስልሳ ዶላር የልጆችህ ነው። ያውም ለአንድ ጠርሙስ። ከታረቃችሁ ጎረቤት ሁሉ ይጠጣል፤ ካልታረቃችሁ ደግሞ ስልሳውም አያስታርቅም።" አነጋገሬ ሳያስከፋው አልቀረም፤ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

መጋዘኑ

መጋዘን የምንለው የአባልነት ካርድ ካላሳዩ የማያስገባ፣ እስከ ጣሪያው ዕቃ የተከመረበት ትልቅ መደብር ነው። እኔ በከተማው ሆቴል ምግብ ቤት አሳላፊ ሆኜ ስሠራ ስለ ወይን ጥቂት ተምሬአለሁ፤ የቀረውን ያስተማረኝ ይህ ቤት ነው። መጋዘኑ የራሱን ስም የሚለጥፍበትን ወይን ራሱ አይጠምቀውም። ስም ያላቸው ጠማቂዎች ያዘጋጁለታል፤ ስማቸው ግን ወረቀቱ ላይ አይወጣም። በዚህ ምክንያት በሌላ ስም ሃያ አምስትና ሠላሳ ዶላር የሚያወጣ የሚመስል ወይን በዘጠኝና በዐሥር ዶላር ይገኛል። ሁሉም ግን ጥሩ አይደለም። ባለ ስድስት ዶላሩን ነጭ አንድ ጊዜ ገዝቼ ለወጥ ማቁላያ ነው ያዋልኩት።

መለያው ከጀርባ ያለው ወረቀት ነው። ወይኑ የበቀለበት ቦታ በጥቅሉ ከተጻፈ፣ "ካሊፎርኒያ" ብቻ ብሎ ካለፈ፣ ከየቦታው የተቀላቀለ ነው። ሸለቆውን፣ ከዚያም አልፎ መንደሩን ከጠራ፣ ሰፈሩን ከነቀበሌው እንደሚናገር ሰው የሚደብቀው ነገር የለም ማለት ነው። ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ በእኛው በዋሽንግተን ከኮሎምቢያ ሸለቆ የመጣ አንድ ካቤርኔ የሚባል ቀይ ወይን አገኘሁ። ዋጋው ዘጠኝ ዶላር ነው። ስድስት ጠርሙስ ጋሪው ውስጥ ደረደርኩና የቀረውን ስድስት ለመፈለግ ወደ ሌላው ረድፍ ዞርኩ።

ስመለስ ጋሪው ባዶ ነው። ጋሽ ወርቁ የመጨረሻውን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መደርደሪያው እየመለሱ ነው።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"የሰው ዕቃ ይዘን ለእርቅ አንሄድም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። "ሪዘርቭ ይላል። ለሠርግ ያስያዘው ሰው ይኖራል። መጥቶ ቢያጣው ምን ይላል?"

የጠዋቱ ጭንቀት ሁሉ ለአፍታ ለቀቀኝና ሳቅሁ። አገር ቤት ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሪዘርቭ የሚል ካርድ ካለ ማንም አይቀመጥም፤ ትክክል ናቸው። እዚህ ግን ወይኑ ለብቻው ተመርጦ እንዲቆይ ተደርጓል ለማለት እንደሚጽፉት ነገርኳቸው።

"ሲቆይ ይሻላል ማለት ነው?"

"ወይን ነዋ። ቢያንስ እንደዚያ ይላሉ።"

ተፈሪ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ጋሪው እየመለሰ "ሁሉም ነገር ሲቆይ አይጣፍጥም፣ ጋሽ ወርቁ" አለ። ሽማግሌው ትከሻውን ቸብ አደረጉት።

ዐሥራ ሁለቱን ጠርሙስ በአንድ ካርቶን አደረግን። ከመውጣታችን በፊት ቋሊማ የምታቀምስ ሴት ለጋሽ ወርቁ በትንሽ ጽዋ ዘረጋችላቸው፤ የጽጌን ጾም ይጾማሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው አለፏት። ውጭ ዝናቡ ጠንክሮ ነበር። ተፈሪ ካርቶኑን ጋሪው ላይ እንዳለ ትቶ፣ ወረቀቱን ዐሥር ጊዜ ያነባል።

"የመጋዘኑ ስም በትልቁ ነው የተጻፈው። እሱ ሲያይ ናቀኝ ይላል። ከሰባት ዓመት በኋላ በመጋዘን ወይን መጣብኝ ይላል። እንመልሰው፣ እትዬ።"

"ሲቀምሱት ያውቁታል።"

"ካልቀመሱትስ?"

ካርቶኑ እስኪርስ ድረስ እዚያው ተከራክረን፣ ሳንመልሰው ተነሣን።

ስካይዌይ

የጋሽ ኃይሉ ቤት ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው፤ በእንጨት ደረጃ ይወጣል። ስንቀጥር "ይምጣ፤ ቃል ግን አልሰጥም" ብለውኝ ነበር። ተፈሪ ካርቶኑን ከመኪናው ኋላ ሲያነሣ ሥሩ መላቀቅ ጀመረ። ጠርሙሶቹ እንዳይዘረገፉ ትከሻው ላይ አወጣውና በሁለት እጁ ደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ተያያዘው። እኛ ከኋላ ተከተልን።

በሩ ደወል ሳንጫን ተከፈተ። ጋሽ ኃይሉ ከስተዋል። ወንድማቸውን አዩ፤ ትከሻው ላይ ያለውን አዩ፤ አልተንቀሳቀሱም። ተፈሪም አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ በአንገቱ ይወርዳል። ካርቶኑ እንዳይወድቅ ፈርቼ እጄን ስዘረጋ ጋሽ ወርቁ ክንዴን ያዙኝ።

"ተይው። አንቺ አይደለሽም የምታወርጂለት" አሉኝ በጆሮዬ።

ያኔ ገባኝ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው ደጅ ይቆማል፤ ምሮት እንደሆነ ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው በገዛ እጁ ነው።

"ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለህ?" አሉ ጋሽ ኃይሉ።

"ማንም አላለኝም፣ ወንድም ጋሼ። ካርቶኑ ርሶ ነው።"

በልቤ ረገምኩት። ምናለ ለአንዲት ደቂቃ ዝም ቢል።

"ውስጡ ምንድን ነው?"

"ወይን ነው። የመጋዘኑ ነው።"

ጋሽ ኃይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንተ ሁሌም አፍህ ላይ የመጣልህን ነው የምትናገረው። ያን ቀንም እንደዚሁ ነው።"

"አዎ፣ ወንድም ጋሼ። መያዝ አቃተኝ። ማንም አጠገቤ አልነበረም።"

"እኔስ ማን አጠገቤ ነበር?" አሉ። ከዚያ ወደ ዝናቡ ወጥተው፣ በገዛ እጃቸው ካርቶኑን ከወንድማቸው ትከሻ አወረዱ።

እርቁ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሳሎን ገብተን እንደተቀመጥን ግን ጋሽ ኃይሉ ተነሥተው መሐል ቆሙ።

"ጋሽ ወርቁ" አሉ፣ "አሁን በወጉ አርዱኝ።"

ሁላችንም ተነሣን። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ተፈሪ ከወንድሙ ኋላ ሆኖ በሁለት ክንዱ ያዛቸው። "ኃይሉ ልጄ" አሉ ሽማግሌው፣ "እናትህ አርፋለች።" ጋሽ ኃይሉ "እማዬ" ብለው ጉልበታቸው ሲከዳቸው ተፈሪ አልለቀቃቸውም። ዛሬ ጠዋት እንደ ሰማ ሰው አለቀሱ። ተፈሪም፣ እኔም አለቀስን፤ ማንም ማንንም በቃህ አላለም።

እንባው ሲደርቅ ጋሽ ኃይሉ ራሳቸው ጠርሙስ ከፈቱ። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሡ፤ አሸተቱ፤ ስኳሩ ስለማይፈቅድላቸው አንድ ጉንጭ ብቻ ያዙ። ተፈሪ እጁን ጉልበቱ መሐል ቀብሮ ይጠብቃል።

"ስንት ገዛችሁት?"

"ዘጠኝ ዶላር" አልኩ።

"ከዚህ በላይ መክፈል ሞኝነት ነው" አሉና ለወንድማቸው ቀዱለት። "ነፍስ ይማር" ብለን ጠጣን።

መመለስ

ጋሽ ወርቁን አድርሼ ቤቴ ስገባ ልጄ ሊድያ ኩሽና ውስጥ ስልኳን ታያለች። "ሃው ዋዝ ኢት፣ ማሚ?" አለችኝ። ታርቀዋል አልኳት። የሄድኩት ርካሽና ጥሩ ወይን እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ይህን አሁንም አውቃለሁ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ሊዱ፣ እኔ አንድ ነገር ብሆን ለወንድምሽ በስልክ እንዳትነግሪው።"

"ማሚ፣ ዋት? ስፖኬን ነው ያለው። የአምስት ሰዓት ድራይቭ ነው።"

"አውቃለሁ። ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ በሩን አንኳኪ።"

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። አየችኝ።

"ኦኬ" አለች። "እነዳለሁ።"