ሰባት ጫማ

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ በምሠራበት ፋብሪካ አዲስ የሥራ ቦት ጫማ ታደለን። ለእኔ የደረሰኝ ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ "ካልሲ ደርቢበት" ብሎ ሳቀ። እግሬን ስከተው ጣቶቼ ፊት ለፊታቸው ባዶ ቦታ አገኙ፤ የአዲስ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላው ሰው ጫማ ሲሰፋው ይነጫነጫል፤ እኔ ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ።

ያደግሁት ኩታበር ገጠር ውስጥ ነው። መንደራችን በጋውን የምትሻገረው በአንዲት ቀጭን ምንጭ ነበር። ውኃዋ በቦይ እየወረደ ከማሳ ማሳ በተራ ይዳረሳል። የእጅ ሰዓት ያላቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ግን የአንዱ ሰዓት ከሌላው ተስማምቶ ስለማያውቅ ተራው የሚለካው በጥላ ነበር። ፀሐይ ላይ ቆመህ የጥላህ ራስ ያረፈበትን ቦታ ምልክት ታደርጋለህ፤ ከዚያ ተረከዝህን ከጣትህ እያገጣጠምክ እስከዚያ ትቆጥራለህ። ረጅሙም አጭሩም በየራሱ እግር ሲለካ ልዩነቱ እምብዛም አይደለም። የእኛ ቤት ከቀትር በኋላ ጥላ ሦስት ጫማ ሲሆን ውኃውን ይቀበላል፤ ሰባት ሲሞላ ለታችኛው ጎረቤታችን ይለቃል። የዚህ ሁሉ ዳኛ "የውኃ አባት" የምንላቸው የመንደራችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ።

ያ ቀን ዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። የውኃ አባት ቅዳሴ ገብተዋል፤ መንደሩም ገና እህል አልቀመሰም። አባቴ ነጭ ሽንኩርታችን መሀል ውኃ ሊመራ ወደ ታች ሲወርድ እኔን ከቦዩ መክፈቻ አጠገብ ካለው ደልዳላ መሬት ላይ አቆመኝ።

"ሰባት ጫማ ሲሞላ ጥሪኝ፤ እንዳትሳሳቺ" አለኝ።

ሽንኩርቱ ራስ የሚይዝበት ሳምንት ነበር። በዚያ ሳምንት አንድ ውኃ ያመለጠው ሰው የሚነቅለው የጣት ጫፍ የምታክል ነገር ነው። ባለፈው በጋ ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር ሁለት ወንድማማቾች በውኃ ተራ ተጣልተው አንደኛው በአካፋ ተመትቶ ሞቷል። የእናታቸው ጩኸት እኛ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አካፋ ይዞ ፈጠን ፈጠን የሚል ሰው ካየሁ ከመንገዱ ወጥቼ እደበቅ ነበር።

አባቴ በዚያው ሰሞን ከደሴ ገበያ የላስቲክ ጫማ ገዝቶልኝ ነበር። "ለሁለት ዓመት ይበቃታል" ብሎ ሰፊውን ነው የመረጠው። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ ነበር የምሄድበት፤ ኩራቴ ግን ልክ አልነበረውም። አባቴ "ጫማ" ሲል ባዶ እግርን፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ያለውን ማለቱ ነበር። እኔ በጫማዬ ለካሁ።

አምስት ተኩል ሆነ። ገና ነው። የረጠበ አፈር ሽታ ከታች ይመጣል፤ የአባቴ አካፋ ጭቃውን ሲመታ ይሰማኛል። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ጎረቤታችን ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። አካፋውን ትከሻው ላይ አላደረገውም፤ በሁለት እጁ ጨብጦታል።

"በእኔ ልክ ሰባት አልፏል! ውኃዬን ልቀቅ!" ብሎ ጮኸ።

አባቴ በጭቃ እንደተለወሰ ሮጦ ደረሰ። "ልጄ እየለካች ነው። ገና ስድስትም አልሞላ።"

"እንግዲያው እዚሁ ፊትህ ልለካልህ!"

አንድ እግሩን ሲያነሳ የበልግ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት። ጥላችን ከመሬቱ ላይ ጠፋ። ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩ በጾም ደርቋል።

"አንቺ ልጅ፣ በደንብ ለክተሻል?"

ወደ እግሬ አየሁ። በተረከዜና በጫማው መሀል ሁለት ጣት ያስገባል። ጫማው ከእግሬ ስለሚረዝም ቁጥሬ ማነሱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። "ተሳስቻለሁ" ማለት ነበረብኝ። አካፋውን አየሁት።

"አዎ አባባ" አልኩት።

"ሰማህ?" አለ አባቴ። "ማርያምን ገና ነው! ዋሽቼ ከሆነ ደጇን አያስረግጠኝ!"

ጎረቤታችን አካፋውን ቀስ ብሎ አወረደ። "በእሷ ከማልክማ ምን እላለሁ" ብሎ ቁልቁል ተመለሰ።

አባቴ ወደ እኔ ሲዞር ዓይኑ መሬቱ ላይ አረፈ። ትቢያው ላይ ተረከዝ ከጫፍ የተገጣጠሙ የላስቲክ ጫማ ዱካዎች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አያቸው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ደነገጠ። አባት ሲፈራ ማየት ለልጅ ከዱላ ይከፋል። ዱካውን ሁሉ በእግሩ አጠፋው።

"ጫማሽን አውልቂ" አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ውኃውን ለታችኛው ለቀቀ። የቀረው ጊዜ ግን የጎረቤታችንን ማሳ ግማሹን እንኳ አላዳረሰም።

ዛሬ ሥራዬ የፋብሪካውን የውኃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። በየፈረቃው ስንት ሜትር ኩብ ገባ፣ ለአንድ ጣቃ ጨርቅ ስንት ፈጀ እያልኩ እጽፋለሁ። አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ካላየሁ አላምንም። የሥራ ባልደረቦቼ "ቆጣሪው እንደሆነ እግር የለው፣ አያመልጥሽ" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ጥላው አምስት ጫማ ሲሆን ውኃውን ለታችኛው መልቀቅ ጀመረ። የእኛ የመጨረሻው መደብ በየበጋው ቢጫ ሆኖ ይቀር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ከቅጥሩ ውጪ ቆሞ ያስቀድሳል። የውኃ አባት "ግባ እንጂ" ሲሉት "እዚህ ነፋስ አለ፣ አባ" ይላቸዋል። ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ብጠይቀው ይነግረኛል ብዬ እፈራ ነበር።

የማርያምን ደጅ ያለፈው ሲሞት ነው፤ በሰው ትከሻ። ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ ጎረቤታችን ነበር። ከቀብር በኋላ አርጅቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አጠገቤ መጣ።

"አባትሽ ይሄን ሁሉ ዓመት ከተራው እየቀነሰ ሲያጠጣኝ ኖረ። ለምን ስለው አይነግረኝም። አንቺ ታውቂ ይሆን?" አለኝ።

"አላውቅም አባባ" አልኩት።