ከወንዙ ማዶ ያሉት ዛፎች

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ነው የጨረስኩት። ፊደል ብስትም ይቅርታ አድርጉልኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከአሮጌ የፈረንጅ ካላንደር የተቀደደ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። አባቴ ነው ከቆቦ ገበያ ዕቃ ተጠቅልሎበት ያመጣው። የውሃ ዳርና ዛፎች ናቸው። ዛፎቹ ውሃ በበዛበት ቀለም ስለተሳሉ ጫፋቸው እንደ ጭስ ይበተናል፤ ውሃው መሆን ያለበት ቦታ ግን ምንም አልተቀባም፣ ነጭ ወረቀት ነው። በኋላ አስተማሪያችን እንደነገረችን፣ የድሮ ሠዓሊዎች ውጭ ወጥተው ለልምምድ ሲስሉ እንዲህ ሳይጨርሱ ይተዉት ነበር።

በእኛ በራያ ቆላ ዝናቡ ደጋ ላይ ይዘንብና ጎርፉ እኛ ዘንድ በጠራራ ፀሐይ ይደርሳል። ወንዶቹ ደረቁ ወንዝ ውስጥ በእሾህና በአሸዋ ክትር ሠርተው ጎርፉን ወደ ማሳ ይጠልፉታል። ያኔ፣ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ አባቴ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲጎድል አለፈ ብሎ የተናደውን ክትር ሊጠግን ገባ። ሁለተኛው ከኋላ መጣ።

ለእኔ ግን «ወንዝ ሞልቶበት ማዶ ቀርቷል» አሉኝ። ማታ ማታ የአባቴ አባት፣ አባባ ይመር፣ የግራሩን ፍም እየቆሰቆሰ፣ ኩራዙን ወደ ሥዕሉ አስጠግቶ ተረት ይነግረኝ ነበር። አባቴ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ዝንጀሮዎች የማሽላ እሸት ያመጡለታል፤ ጅብ እንኳ ሰላም ብሎት ያልፋል።

«አባባ፣ ወንዙ እኮ ባዶ ነው። ለምን አይሻገርም?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንች ደግሞ! የኛ ጎርፍ ደውሎ ነው እንዴ የሚመጣው?»

እናቴ ሳቋ አመለጣትና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሲቆይ ሳቅ አለመሆኑን ከትከሻዋ አወቅሁ።

አባባ አምና ሞተ። እናቴ ስሙ በተነሳ ቁጥር «አላህ ይማረው፣ ልጄን ሐዘን ሳያሳያት አሳደገልኝ» ትላለች። እኔም «አሚን» እላለሁ።

ግን ጎርፉ የመጣ ቀን ካስቀመጡኝ ጎረቤት ቤት ሾልኬ ወጥቼ፣ አባቴን በቃሬዛ ሲያመጡት፣ ጭቃ የያዘ እግሩ ከጋቢው ወጥቶ አይቻለሁ። ተረቱ ሳይጀመር አውቅ ነበር። ግን አባባ ስለ ዛፎቹ ሲያወራ እጁ መንቀጥቀጡን ይተው ነበር። ስለዚህ በየማታው «ዛሬስ አባቴ ምን በላ?» እያልኩ እጠይቀው ነበር።